ፊልሜን ለ30 ፌስቲቫል በአንድ ጊዜ ልላክ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የመጀመሪያ ረጅም ፊልሜን ጨርሻለሁ፤ 94 ደቂቃ ነው። ወደ 30 ለሚሆኑ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫሎች በአንድ ጊዜ ልልከው አስቤያለሁ፤ ካን፣ ቬኒስና በርሊንም አሉበት። ብዙ ቦታ ከላክሁ አንዱ ጋ ይገባል ብዬ ነው። እስካሁን ሁለት ፌስቲቫሎች ‹ተመርጧል› የሚል ኢሜይል ልከውልኛል። አንዱ ያመለከትኩበት ትንሽ ፌስቲቫል ነው። ሌላው ሳላመለክት ነው የጻፈልኝ፣ የተሳትፎ ክፍያም ይጠይቃል። አንድ ወዳጄ ደግሞ ትልልቆቹ ጋ ለመወዳደር አገር ሊወክልሽ ይገባል፣ የመንግሥት ደብዳቤ ያስፈልጋል ይለኛል። እስከዚያው ሰው እንዲያየው ፊልሙን ለጥቂት ቀን ኢንተርኔት ላይ ብለቀውስ? ደግሞስ ‹ይፋዊ ምርጫ› እና ‹ውድድር› ልዩነታቸው ምንድነው?»

ለ30 ቦታ በአንዴ አትላኪ። ኢንተርኔት ላይም አትልቀቂው። ላላመለከትሽበት ፌስቲቫል ደግሞ አንድ ሳንቲም አትክፈዪ። መልሱ ይሄ ነው። ምክንያቱን ካላወቅሽ ግን ነገ ሌላ ኢሜይል ሲመጣ እንደገና ግራ መጋባትሽ አይቀርም። ለዓመታት ፊልም በሚመርጥ ኮሚቴ ውስጥ ሠርቻለሁ። ጥሩ ጥሩ ፊልሞች በራሳቸው ድክመት ሳይሆን በአላላካቸው ስህተት ሲቀሩ አይቻለሁ፣ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ከወዳጅሽ ወሬ ልጀምር። የነገረሽ ነገር ፈጠራ አይደለም፣ ጊዜው ያለፈበት እንጂ። የካን ፌስቲቫል በ1946 ከተጀመረ በኋላ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለብዙ ጊዜ ፊልም የሚመርጡለት አገሮቹ ራሳቸው ነበሩ። አንድ አገር «ይሄ ይወክለናል» ያለውን ይልካል፣ ፌስቲቫሉ ያሳያል። ይሄ አሠራር በ1972 ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሚመርጠው ፌስቲቫሉ ነው። ፊልሙን የሚያስገባው ደግሞ ፕሮዲውሰሩ፣ ዳይሬክተሩ ወይም የሽያጭ ወኪሉ ነው። ሌሎቹ ትልልቅ ፌስቲቫሎችም እንደዚያው ናቸው። ወዳጅሽ ከኦስካር ጋር ሳያምታታው አልቀረም፤ አንድ አገር በራሱ ኮሚቴ በኩል አንድ ፊልም ይልካል የሚለው የታወቀው አሠራር የኦስካር የዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ ነው። አንቺ የሚያስፈልግሽ የመንግሥት ደብዳቤ ሳይሆን የመብት ወረቀት ነው፤ የስክሪፕቱ፣ የተዋናዮቹ፣ በተለይ ደግሞ የሙዚቃው። ፊልሙ ከተመረጠ በኋላ የዘፈን ፈቃድ ፍለጋ መሯሯጥ ከባድ ነው፣ የማይገኝበትም ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ግራ መጋባት። «ይፋዊ ምርጫ» እና «ውድድር» አንድ አይደሉም። ካንን ብቻ እንውሰድ፣ የሌሎቹ አሠራር ከዚያ ይገባሻል። ካን ከሩቅ ሲያዩት አንድ ፌስቲቫል ይመስላል፤ ሲገቡበት ግን አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ብዙ ቤቶች ነው። ዋናው ውድድር ውስጥ በየዓመቱ 20 ገደማ ፊልሞች ይገባሉ። ፓልም ዶር፣ ወርቃማው ዘንባባ የሚባለው፣ የሚሰጠው ከእነዚህ ለአንዱ ነው። ከጎኑ በ1978 የተጀመረው «አን ሰርተን ረጋር» አለ። የራሱ ዳኞችና የራሱ ሽልማቶች አሉት፤ አዳዲስ ዳይሬክተሮችና ወጣ ያለ አቀራረብ ያላቸው ፊልሞች በብዛት የሚታዩት እዚያ ነው። ከውድድር ውጭ የሚታዩ አሉ፣ የእኩለ ሌሊት ማሳያ አለ፣ ልዩ ማሳያ አለ። ይሄ ሁሉ ተጠቃሎ ነው «ይፋዊ ምርጫ» የሚባለው። ስለዚህ በይፋዊ ምርጫ ውስጥ ያለ ፊልም ሁሉ ለፓልም ዶር አይወዳደርም። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 በካን ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሲሆን፣ የገባውም በአን ሰርተን ረጋር ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። «ለፓልም ዶር ተወዳደረ» ብሎ መጻፍ ግን ስህተት ነው፣ ያኔም ብዙ ሰው ያምታታው ነበር።

ከይፋዊው ምርጫ ውጭ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰሞን የሚካሄዱ ነጻ ክፍሎችም አሉ። «የሃያስያን ሳምንት» በ1962 የተጀመረ ነው፤ ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ፊልም ብቻ ክፍት ሲሆን ውድድሩ ውስጥ የሚያስገባው 7 ረጅም ፊልም ነው። «የዳይሬክተሮች ሁለት ሳምንት» ደግሞ በ1968ቱ የፈረንሳይ ግርግር ፌስቲቫሉ ሳያልቅ ከተቋረጠ በኋላ፣ በ1969 በፈረንሳይ ዳይሬክተሮች ማኅበር የተቋቋመ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው መራጮች አሏቸው፣ ማመልከቻውም ለየብቻ ነው። ልብ በይ፣ ለካን አመለከትሽ ማለት ለእነሱ አመለከትሽ ማለት አይደለም። ለመጀመሪያ ፊልም የሚሰጠው ካሜራ ዶር የሚባለው ሽልማት ግን ይፋዊውን ምርጫና እነዚህን ሁለቱን ክፍሎች ያጠቃልላል።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው በገበያው ነው። ካን ከ1959 ጀምሮ የፊልም ገበያ አለው። እዚያ ክፍያውን የከፈለ አዳራሽ ተከራይቶ ፊልሙን ለገዢዎች ማሳየት ይችላል።  ይሄ ነውር የለበትም፣ ሥራ ነው። ነገር ግን ማንም አልመረጠውም። «ፊልማችን ካን ታየ» የሚል ዜና ስታነቢ መጀመሪያ የምትጠይቂው «በየትኛው ክፍል?» ብለሽ ይሁን። አንቺም ነገ ስለራስሽ ፊልም ስትጽፊ ክፍሉን በስሙ ጥሪው። ፕሮግራመሮች፣ ማለትም የፌስቲቫል ፊልም መራጮች፣ ይሄን ወዲያው ያጣራሉ፣ አንዴ አጋንነሽ ከተያዝሽ ሌላው ቃልሽም አይታመንም።

እሺ፣ ለምን በአንዴ ለ30 አትልኪም? በፕሪሚየር ምክንያት። ፊልም ለሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው አንዴ ብቻ ነው። በዓለም ላይ የትም ሳይታይ ሲታይ የዓለም ፕሪሚየር ይባላል። ከተሠራበት አገር ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ዓለም አቀፍ ፕሪሚየር ነው። ከዚያ የአህጉርና የአገር እያለ ይወርዳል። ትልልቆቹ ፌስቲቫሎች በተለይ ለውድድር ክፍላቸው ይሄን በደንብ ያጣራሉ። ካን ፊልሙ ከፌስቲቫሉ በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ የተሠራ እንዲሆን፣ በሌላ ዓለም አቀፍ የፊልም ዝግጅት ያልቀረበና ኢንተርኔት ላይ ያልወጣ እንዲሆን ይጠይቃል። ቬኒስ ለዋናው ውድድሩ የዓለም ፕሪሚየር ይፈልጋል። በርሊን ላላ ይላል፣ ግን ለዋናው ውድድር ቢያንስ ከተሠራበት አገር ውጭ ያልታየ መሆን አለበት።

አሁን ለ30ው በአንዴ ስትልኪ የሚሆነውን አስቢው። ትንንሾቹ ቶሎ መልስ ይሰጣሉ፣ ትልልቆቹ ይቆያሉ። በሁለት ወር ውስጥ አንድ ትንሽ ፌስቲቫል «እንኳን ደስ አለሽ» ይልሻል። ደስ ይልሻል፣ እሺ ትያለሽ፣ ፊልሙ ሠላሳ ሰው በማይሞላ አዳራሽ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ለትልልቆቹ ውድድር የላክሻቸው ማመልከቻዎች በሙሉ ዋጋ ያጣሉ፣ የከፈልሽው ገንዘብም አይመለስም። እኔ ኮሚቴ ውስጥ እያለሁ የሆነውን ልንገርሽ። አንድ የመጀመሪያ ፊልም ነበር፤ ስድስታችንም ወደነዋል። ስድስት መራጭ በአንድ ፊልም ሲስማማ በዓመት ሁለቴም ላይሆን ይችላል። ለውድድሩ ልናስገባው ወስነን ለዳይሬክተሩ ስንጽፍለት ከአምስት ሳምንት በፊት የሆነ ቦታ አሳይቶት ነበር፤ «ትንሽ ዝግጅት ስለሆነ የሚቆጠር አልመሰለኝም» አለን። ደንባችን አይፈቅድምና ተውነው። የልጁ ድምፅ አሁንም ይሰማኛል።

ለዚህ ነው ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ የለብሽም የምለው። «ለጥቂት ቀን ብቻ» የሚባል ነገር የለም፤ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ለማንም ክፍት ከሆነ ወጥቷል ማለት ነው። በፓስወርድ የተዘጋ ሊንክ ለመራጭ፣ ለወኪል ወይም ለባልደረባ መላክ ግን ችግር የለውም። ለሥራ ባልደረቦችሽና ለወዳጆችሽ በዝግ ማሳየትም አይቆጠርም። ትሬለርም አይቆጠርም። ፓስወርዱን ግን ለሁሉም አንድ አታድርጊው፣ ሊንኩንም በየጊዜው ተመልከቺው። ሊንኩ የተበላሸበት ፊልም ስንት ጊዜ አጋጥሞኛል። መራጩ አንዴ ጽፎ ይጠይቅሽ ይሆናል፣ ሁለተኛ ግን አይለምንሽም።

ፕሪሚየርን በቅደም ተከተል መጠቀም ምን እንደሚያደርግ ለማየት የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ተመልከቺ። በ2008 ቬኒስ ዋናው ውድድር ገባ፣ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የስክሪፕት ሽልማትን ወሰደ። በዚያው ዓመት ቱኒዚያ ውስጥ በሚካሄደው በካርቴጅ ፌስቲቫል ላይ ዋናው ሽልማት፣ ወርቃማው ታኒት፣ ተሰጠው። በ2009 ደግሞ ቡርኪና ፋሶ፣ ኡጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል የሆነውን የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት፣ ወርቃማውን የየኔንጋ ፈረስ አሸነፈ። ካርቴጅም ፌስፓኮም ቬኒስ ስለታየ አልገፉትም። ከላይ ወደ ታች ሲኬድ በሩ ክፍት ነው፣ ከታች ወደ ላይ ግን ይዘጋል። አንድ ማስተካከያ ልጨምር፦ «ላይ» ያልኩት የፕሪሚየር ደንቡ ጥብቅ የሆነበትን ነው እንጂ የሚበልጠውን አይደለም። ለብዙ አፍሪካዊ ዳይሬክተር ከ1969 ጀምሮ የቆየው ፌስፓኮ ከማንም አያንስም፣ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ስለ ደረጃ ካነሳን «ኤ ደረጃ ፌስቲቫል» የሚባለውን ነገር ተጠንቀቂ። ዓለም አቀፍ የፊልም ፕሮዲውሰሮች ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ ፊያፕፍ የሚባለው፣ ለአንዳንድ ፌስቲቫሎች እውቅና ይሰጣል። እውቅናው የሚያሳየው ፌስቲቫሉ አንዳንድ የአሠራር ደንቦችን መቀበሉን ነው። ጥራትን አይመዝንም፣ እንደ ትምህርት ቤት ውጤትም አይደለም። የአሜሪካው ሰንዳንስ ፌስቲቫል እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ቶሮንቶ ዝርዝሩ ውስጥ የተቀመጠው ውድድር ከሌላቸው ፌስቲቫሎች ጋር ነው፣ ትልቁ ሽልማቱም የተመልካች ድምፅ ነው። ሁለቱም ለፊልም የሚያደርጉት ግን ዝርዝሩ ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ ይበልጣል። «ኤ ደረጃ ነን» ብሎ የሚጽፍልሽ ካለ ራሱን ነው ደረጃ የሰጠው።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። የመጀመሪያ ፊልም በካን፣ በቬኒስ ወይም በበርሊን ዋናው ውድድር የሚገባው ከስንት አንዴ ነው። አይገባም አላልኩም። ካን በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ ረጅም ፊልም ይቀርብለታል፤ 20 ገደማ ቦታ ነው ያለው፣ ከዚያ ላይ ብዙው በታወቁ ዳይሬክተሮች ይያዛል። እነዚያ ፊልሞች በማመልከቻ ቅጽ ብቻ አይመጡም። መራጮቹ ገና ሲቀረጹ ጀምሮ ይከታተሏቸዋል፣ የሽያጭ ወኪሎች ይደውላሉ፣ ፕሮዲውሰሮች ያሳዩአቸዋል። የአንቺ ፊልም ከየትም ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ቅድመ መራጭ ነው። በቀን ሦስት አራት ፊልም የሚያይ፣ የደከመው፣ ግን አንድ አዲስ ነገር ለማግኘት የሚጓጓ ሰው። እሱ ከወደደው ወደ ኮሚቴው ይወጣል፣ ኮሚቴው ይከራከርበታል፣ የመጨረሻውን የሚወስነው የጥበብ ዳይሬክተሩ ነው። እዚያ ጋ ከጥራት ሌላ ብዙ ነገር ይገባል። በዚያ ዓመት ስለ አባትና ልጅ የሚያወራ አራት ፊልም ካለ አምስተኛው ይቀራል፣ ምንም ቢያምር። ስለዚህ «አልተመረጠም» የሚለውን ደብዳቤ ስታገኚ በፊልሙ ላይ የተሰጠ ፍርድ አድርገሽ አትውሰጂው። ምክንያቱንም አይነግሩሽም፤ የሚነግሩሽ ቢኖሩ እንኳ የሁሉንም የሚናገሩበት ጊዜ የላቸውም።

ታዲያ ወዴት ትልኪ? ለመጀመሪያ ፊልም ተብለው የተሠሩ ውድድሮች አሉልሽ። ካን ላይ የሃያስያን ሳምንት። ቬኒስም የራሱ የሃያስያን ሳምንት አለው፣ እሱም ለመጀመሪያ ፊልሞች ነው። በርሊን ከ2025 ጀምሮ «ፐርስፔክቲቭስ» የሚባል ለመጀመሪያ ልቦለድ ፊልሞች ብቻ የሆነ ውድድር ከፍቷል። ሎካርኖ ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ፊልም የተለየ ውድድር አለው። ሳን ሴባስቲያን «አዲስ ዳይሬክተሮች» የሚለው አለው። ሮተርዳም ደግሞ ዋናው ውድድሩ ራሱ፣ «ታይገር» የሚባለው፣ ብቅ ለሚሉ ዳይሬክተሮች ነው፣ ሽልማቱም 40 ሺህ ዩሮ ነው። እነዚህ ቦታዎች ላይ ፊልምሽ ከስመ ጥር ዳይሬክተር ጎን አይቆምም፤ እንዳንቺ ከሚጀምሩ ጋር ነው የሚታየው፣ እዚያ የሚመጣው ገዢም ጋዜጠኛም አዲስ ሰው ፍለጋ ነው የሚመጣው። ትልቅ ስም ያለው ፌስቲቫል ውስጥ ተረስቶ ከመታየት በራስሽ ልክ ውድድር ውስጥ ጎልቶ መታየት ይሻላል። ይሄን ስል እያጽናናሁሽ አይደለም፣ ለፊልሙ የሚበጀው ይሄ ስለሆነ ነው።

ስለ ዳኞቹ በአጭሩ። መራጭና ዳኛ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ዳኞቹ ፌስቲቫሉ ላይ መጥተው ፊልሞቹን አዳራሽ ውስጥ ያያሉ፤ ካን ላይ 9 ናቸው፣ ከፕሬዚዳንቱ ጋር። ነጥብ እየደመሩ አይደለም የሚወስኑት፣ ተቀምጠው ነው የሚነጋገሩት። ደንቡም እጃቸውን ይይዘዋል። በ1991 አንድ ፊልም ፓልም ዶርን፣ የዳይሬክተርነትንና የወንድ ተዋናይ ሽልማትን ሦስቱንም ጠቅልሎ ከወሰደ በኋላ ሽልማት እንዳይደራረብ ደንቡ ጠበቀ። በ2013 ዳኞቹ ሁለቱን ዋና ተዋናዮች ለየብቻ መሸለም ስላልቻሉ ፓልም ዶሩን ለዳይሬክተሩና ለእነሱ በጋራ ሰጡ። ዳኞች ብዙ ጊዜ ሽልማቱን ማካፈል አለባቸው፣ ሁለተኛ የወደዱት ፊልም ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ከዳኞቹ ውጭ ደግሞ የሃያስያን ማኅበር ሽልማት አለ፣ የተመልካች ሽልማት አለ። የዘረሰናይ መሐሪ «ድፍረት» በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት ወሰደ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በርሊን ላይ በፓኖራማ ክፍል ደገመው። በርሊን የገባው ዋናው ውድድር አልነበረም፣ ፓኖራማ ነው። ፊልሙን ግን ተመልካቹ ነው ያነሳው። አከፋፋይ ከዳኛ ድምፅ ይልቅ የተመልካች ድምፅ የሚመዝንበት ጊዜ አለ።

ወደ ኢሜይሎችሽ እንምጣ፣ ግን መጀመሪያ ስለ ክፍያ። ለማመልከት ክፍያ መጠየቅ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ በርሊንም ሰንዳንስም ያስከፍላሉ። ችግሩ ያለው ከተመረጥሽ በኋላ የሚጠየቅ ክፍያ ላይ ነው። ደህና ፌስቲቫል መርጦሽ አያስከፍልሽም። እንዲያውም ውድድር ውስጥ ካስገባሽ ብዙ ጊዜ የዳይሬክተሩን ጉዞና ማረፊያ ይሸፍናል። ፕሪሚየርሽ ካለፈ በኋላ ደግሞ ፊልሙን ለማሳየት የሚፈልጉ ፌስቲቫሎች የማሳያ ክፍያ ለአንቺ ሊከፍሉ ይችላሉ፣ መጠየቅም መብትሽ ነው። በየወሩ የሚካሄድ፣ ሃምሳ ዘርፍ ያለው፣ ያመለከተ ሁሉ የሆነ ነገር የሚያሸንፍበት፣ ዋንጫውን በገንዘብ የሚሸጥ፣ ሲኒማ ቤቱ የት እንደሆነ የማይናገር፣ የመራጮቹን ስም የማይጽፍ፣ ያለፈውን ዓመት ፕሮግራም የማያሳይ ካጋጠመሽ ራቂው። እነዚህ የሚሸጡት ፖስተር ላይ የሚለጠፍ፣ «ተመርጧል» ወይም «አሸንፏል» የሚል የቅጠል ምልክት ነው። ፖስተርሽ ላይ አስራ አምስት የማይታወቅ ቅጠል ካለ ፕሮግራመር ሲያየው ፊልሙ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር እንደቆየ ነው የሚገባው። ለፊልሙ አንዳች አይጨምርለትም፣ ይቀንስበታል እንጂ።

የማመልከቻ ክፍያው ከከበደሽ ደግሞ ለፌስቲቫሉ ጽፈሽ ክፍያው እንዲነሳልሽ ጠይቂ። አምስት መስመር ይበቃል፤ ፊልሙ ምንድነው፣ አንቺ ማነሽ፣ ለምን ለእነሱ ይመጥናል ብለሽ አሰብሽ፣ ለምን መክፈል አልቻልሽም። ሁሉም አይፈቅድም፣ ብዙዎቹ ግን ይፈቅዳሉ፤ ሳይጠየቁ ስለሚቀሩ ነው ሰው የማያውቀው። ለሠላሳ ተመሳሳይ ደብዳቤ ገልብጠሽ አትላኪ፣ ያስታውቃል።

የእኔ ምክር ይሄ ነው። አምስት ወይም ስድስት ቦታ ብቻ ምረጪ፣ የመጀመሪያ ፊልም ውድድር ካላቸው። ዓመቱን እንደ ክብ አድርገሽ እይው፤ ሮተርዳም ጥር መጨረሻ፣ በርሊን የካቲት፣ ካን ግንቦት፣ ሎካርኖ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጀምሮ ነሐሴ፣ ቬኒስ ነሐሴ መጨረሻ፣ ሳን ሴባስቲያን መስከረም። ማመልከቻ የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ከዝግጅቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ፊልምሽ ዛሬ ካለቀ ከፊትሽ ካለው ቀን ጀምረሽ ሁለት ሁለቱን እያደረግሽ ላኪ፣ መልሳቸውን ሳትሰሚ ለሌላ እሺ አትበይ። ሁለት ቦታ ከተመረጥሽ አንዱን በአክብሮት ተዪው፣ ፕሮግራሙ ከመታወጁ በፊት። ከታወጀ በኋላ መውጣት በጣም ያስቀይማል፣ መራጮች ደግሞ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ከሁለተኛ ምርጫሽ ጥሪ ቢመጣና የመጀመሪያ ምርጫሽ ገና ካልመለሰልሽ ከሁለተኛው የቀን ገደብ ጠይቂ፣ ለመጀመሪያውም «ጥሪ ደርሶኛል፣ እስከዚህ ቀን መልስ መስጠት አለብኝ» ብለሽ ጻፊ። ይሄ ድፍረት አይደለም፣ የተለመደ አሠራር ነው። ፊልምሽ በወረፋው ውስጥ ወደፊት የሚመጣበት ጊዜም አለ።

ግን አትጠብቂ ከመጠን በላይ። አንድ ዙር፣ ማለትም አንድ ዓመት ገደማ፣ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከያዝሽው ፊልሙ ያረጃል፣ የ12 ወሩ ዓይነት ደንብም ያስወጣዋል፣ አንቺም ሁለተኛ ፊልምሽን መጻፍ ትተሽ ኢሜይል መጠበቅ ሥራሽ ይሆናል። በአንድ ዙር ካልተሳካ ጥሩ ስም ወዳለው የአህጉር ፌስቲቫል ሂጂ፤ ፌስፓኮ፣ ካርቴጅ፣ ደርባን አሉ። ፌስፓኮ የሚካሄደው በሁለት ዓመት አንዴ መሆኑን አትርሺ። ፕሪሚየሩ አንዴ ካለፈ በኋላ ያን ጊዜ ለ30ውም ላኪ፣ ያኔ ብዛቱ ይጠቅማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፣ ከሁሉም ይልቅ እጅሽ ላይ ያለው ይሄ ስለሆነ። በቅጡ ያልተዘጋጀ ፊልም አትላኪ። ፌስቲቫሎች ያላለቀ ኤዲት ይቀበላሉ፣ እውነት ነው። ከለሩ ባይስተካከል መራጭ ይታገሣል። ድምፁ የማይሰማ ከሆነ ግን አይታገሥም፣ የግርጌ ትርጉሙ የተበላሸ ከሆነም ፊልሙን አያየውም። ትርጉሙን ቋንቋውን እንደ አፍ መፍቻው የሚያውቅ ሰው ያንብበው፤ በማሽን ተርጉመሽ አትተዪው። አብዛኞቹ አንዴ ያዩትን ፊልም «አሻሽዬዋለሁ» ብትያቸው ደግመው አያዩትም። አንድ ወር ቆይተሽ የተሻለውን መላክ፣ ቀን አልፎብሽ ቀጣዩን ፌስቲቫል መጠበቅ ቢሆንም እንኳ፣ ያዋጣሻል። ከተመረጥሽ ደግሞ ዲሲፒ ይጠየቃል፣ ሲኒማ ቤት የሚጫወተው ፋይል ማለት ነው። ፊልሙ ሳይሄድ በፊት እውነተኛ ሲኒማ አዳራሽ ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እይው። ኮምፒውተር ላይ ያልታየ ስህተት እዚያ ይታያል።

የሁለቱን ኢሜይል ጉዳይ ዛሬ ጨርሺ። ላመለከትሽበት ትንሽ ፌስቲቫል አመስግነሽ ጻፊ፣ ፊልሙን ለሌላ ቦታ ውድድር ስላሰብሽው ፕሪሚየሩን መስጠት እንደማትችዪ ንገሪያቸው፣ በሚቀጥለው ዝግጅታቸው ከፕሪሚየር በኋላ ሊያሳዩት ይፈልጉ እንደሆነም ጠይቂ። ብዙዎቹ በደስታ ይጠብቃሉ። ሳታመለክቺ የመረጠሽ ግን ፊልምሽን አላየውም፣ ሊያየው የሚችልበት መንገድም አልነበረውም። ለእሱ አትመልሺ።